የቤት ፊልምን በቡና ማጠብ፦ መርዙ የት ይቀንሳል፣ የትስ ይቀራል?

በ1995 በአሜሪካ ሮቼስተር የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የፎቶግራፍ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩት ስኮት ዊልያምስ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው፣ በየቤቱ በሚገኙ ነገሮች ፊልም ማጠብ ይቻል እንደሆነ ፈተኑ፤ የሚሟሟ ቡና ከልብስ ማጠቢያ ሶዳ ጋር ሲዋሐድም ጥቁርና ነጭ ምስል ማውጣት እንደሚችል አረጋገጡ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ውሕዱ ካፌኖል የሚል ስም ወጣለት፤ በኋላም ቫይታሚን ሲ ተጨምሮበት ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበትን መልክ ያዘ። ሙከራው የተደረገባት ሮቼስተር ኮዳክ የተመሠረተባትና ለዓለም የፊልም ኬሚካል ስትቀምም የኖረች ከተማ መሆኗ ነገሩን ፈገግ የሚያሰኝ ያደርገዋል።

ከዚያ ወዲህ ልማዱ ከፎቶ ፊልም አልፎ ወደ ተንቀሳቃሽ ፊልም ተሻግሯል። በካናዳ ኦንታሪዮ፣ በማውንት ፎረስት በሚገኝ እርሻ፣ ፊሊፕ ሆፍማን ከ1994 ጀምሮ በሚያካሂደው የፊልም ሠሪዎች መሰብሰቢያ የ16 ሚሊሜትር ፊልም በአበባና በቅጠል ጭማቂ ጭምር ይታጠባል፤ ሱፐር 8 በተባለው ባለ 8 ሚሊሜትር ፊልም የምትሠራው የበርሊኗ ዳጊ ብሩንደርትም ከዕፅዋት በምትቀምማቸው ማጠቢያዎች ትታወቃለች። ይህን ሁሉ የሚያዩ ሰዎች ዘዴውን «መርዝ የሌለው» ሲሉት ይሰማል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። ቡናው የሚተካው ፊልም ከሚያልፍባቸው ደረጃዎች አንዱን ብቻ ነው፤ ለውኃና ለሰው ጤና ይበልጥ የሚያሰጉት ነገሮች ደግሞ ከዚያ በኋላ ባሉት ደረጃዎች ይመጣሉ። ስለዚህ በቤቱ ፊልም ለማጠብ የሚያስብ ሰው ስለ ቡናው ከሚጨነቅ ይልቅ ስለ ቀሪዎቹ ቢጨነቅ ይሻለዋል፤ ይሁንና ቡናው እንዴት እንደሚሠራ ሳይገባን ቀሪዎቹን መረዳት ስለማይቻል ከእርሱ እንጀምር።

ቡናው ምን ይሠራል?

ፊልም ግልጽ በሆነ የፕላስቲክ ንጣፍ ላይ የተለበጠ ስስ የጄላቲን ልባስ ነው። በጄላቲኑ ውስጥ በዓይን የማይለዩ የብር ጨው ቅንጣቶች ተበትነዋል፤ ብር ስንል እዚህ ላይ ማዕድኑን ነው። ካሜራው ሲከፈት ብርሃን ያረፈባቸው ቅንጣቶች ላይ ጥቂት የብር አተሞች ብቻ ከጨውነት ይላቀቃሉ፤ ለውጡ እጅግ ትንሽ ከመሆኑ የተነሣ የተቀረጸበትን ፊልም ካልተቀረጸበት በዓይን መለየት አይቻልም። ጥቂት እርሾ ሊጡን በሙሉ እንደሚያቦካ ሁሉ፣ ዴቨሎፐር የሚባለው ፈሳሽም ከእነዚያ ጥቂት አተሞች ተነሥቶ ብርሃን የነካውን ቅንጣት ከዳር እስከ ዳር ወደ ጥቁር ብር ይለውጠዋል። ብርሃን ያልነካው ቅንጣት ግን እንዳለ መቆየት አለበት። ከባዱ ነገር ይህ መለየት ነው፤ ፈሳሹ ለብር ጨው ኤሌክትሮን የሚሰጥ መሆን አለበት፣ ነገር ግን ኃይሉ ከበዛ ሁሉንም ያጠቁራል፣ ካነሰም ምንም አይወጣም።

ይህን ልክ የሚጠብቁ ኬሚካሎች በኢንዱስትሪው ዘንድ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራባቸው ኖረዋል። ኮዳክ በ1927 ያወጣውና እስከ ዛሬ የሚሸጠው ዲ-76 ሜቶልና ሃይድሮኩዊኖን በሚባሉ ሁለት ውሕዶች ላይ የቆመ ነው። ሜቶል በእጃቸው ደጋግመው በሚነኩት ሰዎች ላይ የቆዳ አለርጂ በማስነሣት ይታወቃል። ሃይድሮኩዊኖንን ደግሞ ብዙ አንባቢ በሌላ በኩል ያውቀዋል፤ ቆዳ ለማንጣት በሚሸጡ ክሬሞች ውስጥ የሚገባው፣ የአውሮፓ ኅብረትም ለዚህ አገልግሎት እንዳይውል ያገደው ያው ንጥረ ነገር ነው። ለውኃ ውስጥ ሕይወትም ጎጂ ነው። ከቤት የሚገኝ ምትክ መፈለጉ እንግዲህ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ምትኩ ከቡና የሚገኘው ካፌይክ አሲድ ነው። ስሙ ከካፌይን ጋር ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም፤ ካፌይን ምስል በማውጣቱ ሥራ ምንም ድርሻ ስለሌለው ካፌይኑ የወጣለት ቡናም እንደ ሌላው ያገለግላል። ካፌይክ አሲድ ፌኖል ከሚባሉት ውሕዶች ቤተሰብ ነው፤ የኬሚካል አወቃቀሩም ከእነዚያ ከፋብሪካ ማጠቢያዎች ጋር የቅርብ ተመሳሳይነት አለው። በቡና ውስጥ አብዛኛው ክሎሮጀኒክ አሲድ ከሚባል ትልቅ ውሕድ ጋር ተያይዞ ይገኛል፤ በሶዳ ውስጥ ሲገባም ይላቀቃል። ሻይ፣ ቀይ ወይን፣ ናና እና ሌሎች ብዙ ቅጠሎችም ፌኖል ስላላቸው በተለያየ ጥንካሬ ፊልም ያጥባሉ፤ ቡናው የተመረጠው በዱቄት መልክ በየሱቁ ስለሚገኝና በግራም መመዘን ስለሚቻል ነው።

እዚህ ላይ ለቡና አገር ሰው ትንሽ ቅር የሚያሰኝ ነገር አለ። ኢትዮጵያ የምታመርተው አረቢካ ቡና በጣዕሙ የተመሰገነ ቢሆንም የክሎሮጀኒክ አሲድ መጠኑ ከሮቡስታ ያነሰ ነው። በካፌኖል የሚሠሩ ሰዎች ዘወትር የሚመክሩት ርካሹን፣ ሮቡስታ የበዛበትን፣ በተለምዶ ኔስካፌ የምንለውን ዓይነት የሚሟሟ ቡና ነው። የጀበና ቡናም ምስል ማውጣት ይችላል፤ ግን ጥንካሬው በእያንዳንዱ አፈላል ስለሚለያይ ዛሬ የሠራው ነገ ላይሠራ ይችላል። ለመጠጥ የሚሆነውን ይርጋ ጨፌ ለፊልም ማዋል ብክነት ነው፤ ውጤቱም አይሻልም።

ቡናው ብቻውን ግን ምንም አያደርግም። ፌኖሎች ኤሌክትሮን መስጠት የሚችሉት ፈሳሹ አልካላይ ሲሆን፣ ማለትም ፒኤች የሚባለው የአሲድና የአልካላይ መለኪያ ወደ 10 እና ከዚያ በላይ ሲወጣ ነው። ሶዳው የሚጨመረው ለዚህ ነው። የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ ሶዳ አሽ የሚባለው፣ ሶዲየም ካርቦኔት ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ካለው ከአቢያታ ሐይቅ ውኃ እየተነነ ሲመረት የኖረውም ይኸው ነው። ቫይታሚን ሲ ሦስተኛው ነው። እርሱም በአልካላይ ውስጥ ራሱ ዴቨሎፐር ነው፤ ከቡናው ጋር ሲሆን ደግሞ ሁለቱ በአንድነት የሚሠሩት ለየብቻቸው ከሚሠሩት ድምር ይበልጣል። ይህ የወጥ ቤት ብልኃት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው ኮዳክ ራሱ በ1996 ባወጣው ኤክስቶል በተባለው ዴቨሎፐር ሃይድሮኩዊኖንን ትቶ የቫይታሚን ሲ ዘመድ በሆነ ውሕድ መተካቱ ነው።

አቀማመሙ

በብዙዎች ዘንድ የተለመደው መጠን ለ1 ሊትር ውኃ 54 ግራም ሶዳ፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲ እና 40 ግራም የሚሟሟ ቡና ነው። የሙቀት መጠኑ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የሚቆይበት ጊዜም 15 ደቂቃ ያህል ነው። ቫይታሚን ሲው ንጹሕ ዱቄት መሆን አለበት፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚፈላው ባለ ብርቱካን ጣዕም እንክብል ስኳርና ሌላ አሲድ ስላለበት አይሆንም።

አብዛኛው ውድቀት የሚመጣው ከሶዳው ነው። አንደኛ፣ ለዳቦና ለኬክ የሚጨመረው ሶዳ ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው፤ አልካላይነቱ ደካማ ስለሆነ ፊልሙን ባዶ ያስቀረዋል። በሳህን ላይ ተዘርግቶ 200 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ቢቆይ ግን ውኃውንና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለቅቆ ወደ ማጠቢያ ሶዳ ይለወጣል፤ 100 ግራም የገባው 63 ግራም ያህል ሆኖ ይወጣል፤ ክብደቱ እዚያ መድረሱም ለውጡ መጠናቀቁን ያሳያል። ሁለተኛ፣ ማጠቢያ ሶዳው ራሱ በውስጡ በሚይዘው የውኃ መጠን ይለያያል። ከላይ የተባለው 54 ግራም ውኃ ለሌለው ደረቅ ዱቄት ነው፤ ትልልቅና እንደ መስተዋት ጥርት ያለው ክሪስታል ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውኃ ስለሆነ ለተመሳሳይ ጉልበት 146 ግራም ያህል ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ሽቶና ሌላ ሳሙና የተቀላቀለበት የልብስ ዱቄት ሶዳ አይደለም።

ሲቀላቀል ሶዳው ቀድሞ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፤ ቀጥሎ ቫይታሚን ሲው ቀስ እየተባለ ይጨመራል፤ በመጨረሻ ቡናው ይገባል። ከዚያ አረፋው እስኪጠፋ አሥር ደቂቃ ያህል ይተዋል፤ ፊልሙ ላይ የተጣበቀ አረፋ ነጠብጣብ ይተዋልና። ቫይታሚን ሲው አየር ሲነካው ቶሎ ስለሚበላሽ ፈሳሹ በዚያው ቀን፣ ይልቁንም በዚያው ሰዓት ማለቅ አለበት፤ በጠርሙስ ተቀምጦ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚሆን አይደለም። ሽታው ደስ አይልም። ፊልሙ ፈጣን፣ ማለትም ለደብዛዛ ብርሃን የተሠራ ከሆነ ወይም ብዙ ዓመት የተቀመጠ ከሆነ ያልተፈለገ ግራጫ ጭጋግ ይወርሰዋል፤ ይህን ለመግታት በሊትር 1 ግራም ፖታሲየም ብሮማይድ ይጨመራል፤ እርሱ ካልተገኘ አዮዲን ያለበት የገበታ ጨው 10 ግራም ያህል በምትኩ ይሞከራል።

መርዛማነቱ ዝቅተኛ ነው ማለት እንደ ፈለጉ ይነካል ማለት አይደለም። የዚህ ፈሳሽ አልካላይነት ዓይን ውስጥ ቢገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፤ ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። ቡና ቡና ስለሚመስል በኩባያ ወይም በምግብ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ፣ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት፣ ከማንኛውም ኬሚካል የባሰ አደጋ ነው። መለኪያውና መቀላቀያው ለዚሁ ሥራ ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ።

ተንቀሳቃሽ ሲሆን

ኮዳክ በ1965 ያወጣው የሱፐር 8 ካሴት 15 ሜትር ፊልም ይዟል፤ በሴኮንድ 18 ምስል ሲቀረጽ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ብቻ ነው። የጠቅላላው ፊልም ስፋት ከሁለት ጥቅል ባለ 36 ፎቶ ፊልም ይበልጣል፤ የእያንዳንዱ ምስል ወርድ ግን 6 ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም። ከዚህ ሁለት ችግር ይወለዳል። ምስሉ ሲጎላ የቡናው ሸካራነት አብሮ ይጎላል። ፎቶ ላይ ማንም የማያስተውለው የአጣጠብ አለመስተካከልም ተንቀሳቃሽ ፊልም ላይ ብልጭ ድርግም እያለ ይታያል፤ በአንዱ ምስል ላይ ጨለም፣ በሚቀጥለው ላይ ነጣ ስለሚል ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

እኩል ለማጠብ ፊልሙ እርስ በርሱ ሳይነካካ በጥምዝ መያዣ ላይ መጠቅለል አለበት። ለዚህ የሚያገለግሉ፣ በሶቪየት ኅብረት ዘመን ሌኒንግራድ በነበረው ሎሞ ፋብሪካ የተሠሩ ጥቋቁር የፕላስቲክ ታንከሮች እስከ ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣሉ። ይህን ያላገኘ ሰው ፊልሙን በጨለማ ክፍል ውስጥ እንደ ስፓጌቲ ባልዲ ውስጥ ዘርግፎ በጓንት እያገላበጠ ሊያጥበው ይችላል፤ ፊልሙ ይቧጨራል፣ ጥላሸትና ጭረት ይበዛበታል። ለሙከራ ፊልም ሠሪ ይህ ውበት ነው፤ የአያት የሠርግ ፊልም ከሆነ ግን ጥፋት ነው። ምርጫው የፊልሙ ባለቤት ነው፤ እኔ ግን መተኪያ የሌለውን የቤተሰብ ፊልም ከነጭራሹ በቡና ማጠብን አልመክርም፤ አሮጌ ፊልም ለማጠብ የተካኑ ላቦራቶሪዎች አሉ። መልመጃው አዲስ የተገዛ ፊልም ይሁን፤ ከእርሱም ቢሆን አስቀድሞ 30 ሴንቲሜትር ያህል በጨለማ ተቆርጦ ለብቻው ይፈተን።

ፊልሙ የቀለም ቢሆንስ? ካፌኖል ብሩን ብቻ ስለሚያወጣ ከማንኛውም የቀለም ፊልም የሚገኘው ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ፣ ማለትም ብርሃኑ ጨለማ፣ ጨለማው ብርሃን ሆኖ የሚታይበት ምስል ነው። ይህ ለኮዳክሮም ትልቅ ትርጉም አለው። በ1935 የወጣው ኮዳክሮም ቀለሙ በፊልሙ ውስጥ ሳይሆን በማጠቢያ ፋብሪካው ውስጥ የሚጨመር ነበር፤ በካንሳስ ግዛት ፓርሰንስ ከተማ ኮዳክሮም ያጥብ የነበረው የመጨረሻው ላቦራቶሪ በ2010 መጨረሻ ፊልሙን መቀበል ሲያቆም የቀለሙ በር ለሁልጊዜ ተዘጋ። ሳይታጠብ የቀረ ኮዳክሮም ዛሬ ሊያሳይ የሚችለው ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ በውስጡ ያለው ከደቃቅ ብር የተሠራ ቢጫ ማጣሪያ ስለማይወጣም ኔጋቲቩ ጥቅጥቅ ያለ ይሆናል። በተጨማሪ ኮዳክሮምና ኮዳክ ለተንቀሳቃሽ ምስል ሲሠራቸው የኖሩ ብዙ የቀለም ኔጋቲቭ ፊልሞች በጀርባቸው ጥቁር የካርቦን ልባስ አላቸው። ሶዳው ያላላዋል፤ ከታጠበ በኋላ በለስላሳ ስፖንጅ ከጀርባው በኩል ይጠረጋል። የጥላሸቱ ቅሪት ወደ ምስሉ ፊት ከዞረ ግን ማስለቀቁ አስቸጋሪ ስለሆነ በትዕግሥት የሚሠራ ሥራ ነው።

ከቡናው በኋላ

ዴቨሎፐሩ ሲደፋ ፊልሙ በውኃ ሦስት አራት ጊዜ ይለቀለቃል። የፎቶ ቤት ልማድ እዚህ ላይ አሲድ መጠቀም ነው፤ ነገር ግን ሶዳ የጠጣ ጄላቲን ብርቱ ኮምጣጤ ውስጥ ሲገባ ጋዝ ስለሚፈጠር ልባሱ ሊቋጥር ይችላል፤ ንጹሕ ውኃ ይበቃል። የተደፋው ቡና በብዙ ውኃ ቀጥኖ ወደ ፍሳሽ መስመር ቢገባ የሚያሳስብ አይደለም፤ ብር የለበትም ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ፊክሰር ይመጣል፤ የጽሑፌ ዋና ነገርም ይህ ነው። ብርሃን ያልነካው የብር ጨው አሁንም በፊልሙ ላይ አለ፤ ካልወጣ በብርሃን እየጠቆረ ምስሉን ያጠፋዋል። በ1830ዎቹ እንግሊዛዊው ታልቦት ምስሉን ለማቆየት የገበታ ጨው ይጠቀም ነበር፤ ጆን ኸርሼል የብር ጨውን እጅግ አሳምሮ እንደሚያሟሟ በ1819 የደረሰበት ሶዲየም ታዮሰልፌት፣ ሃይፖ የሚባለው፣ በ1839 ለፎቶግራፍ ሲውል ግን ጨው ተረሳ። ዛሬ «ሙሉ በሙሉ ከወጥ ቤት» ለማለት ሲባል ወደ ጨው የሚመለሱ አሉ። በ1 ሊትር ውኃ 300 ግራም ጨው አሟሙቶ ፊልሙን ለአንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ መዘፍዘፍ ነው። አንዳንድ ቀርፋፋ ፊልም ላይ ይሠራል። ዘመናዊ ፊልም ግን በብር አዮዳይድም የተሠራ ነው፤ አዮዳይዱ ደግሞ በጨው አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ጥርት ያለ የሚመስለው ፊልም ከዓመታት በኋላ ሊጠቁር ይችላል። ለመቆየት ለታሰበ ፊልም ይህን መንገድ አልመርጥም።

ደግሞም ሃይፖን መሸሽ ስለ አደጋው ካለ የተሳሳተ ግምት የመጣ ነው። ሃይፖ ራሱ በሳያናይድ ለተመረዘ ሰው በሐኪም የሚሰጥ መድኃኒት፣ የዓሣ ገንዳ ያላቸው ሰዎችም ከቧንቧ ውኃ ክሎሪን ለማጥፋት የሚጠቀሙበት ነገር ነው። ከ200 እስከ 250 ግራም ክሪስታሉ በ1 ሊትር ውኃ ቢሟሟ ሽታ የሌለው ፊክሰር ይሆናል። ለስንት ጊዜ እንደሚያቆዩት ለማወቅ ያልታጠበ የፊልም ቁራጭ ተጥሎበት ነጭ መሰሉ ግርዶሽ እስኪጠፋ ያለው ጊዜ ይቆጠራል፤ ፊልሙ የዚያን እጥፍ ይቆያል። አደገኛ የሚሆነው ከሠራ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ከፊልሙ ያወጣውን ብር ተሸክሟል፤ ብር ደግሞ ለአልጌ፣ ለዓሣና ፍሳሽን ለሚያብላሉ ተሕዋስያን መርዝ ነው። በጨው ቢወጣም በሃይፖ ቢወጣም ብሩ ያው ብር ነው። «ጨው ብቻ ስለሆነ ጓሮ ደፋሁት» የሚለው ሰው የደፋው ጨው ብቻ አይደለም።

ከፊክሰር በኋላ ፊልሙ በደንብ መለቅለቅ አለበት። የፈሰሰ ውኃ ሳያባክኑ ይህን ለማድረግ የእንግሊዙ ኢልፎርድ ኩባንያ ያስተዋወቀው ዘዴ ይጠቅማል፦ ታንከሩ በንጹሕ ውኃ ተሞልቶ አምስት ጊዜ ይገለበጥና ይደፋል፤ እንደገና ተሞልቶ አሥር ጊዜ፣ በሦስተኛውም ሃያ ጊዜ ይገለበጣል። ረጅም ጥምዝ ላይ ለተጠቀለለ ፊልም አንድ ሁለት ዙር መጨመር አይጎዳም። ከዚያ አሥራ አምስት ሜትሩ አቧራ በሌለበት ክፍል በገመድ ላይ እየተመላለሰ፣ ምስል ያለበት ፊት ምንም ሳይነካው ይደርቃል።

ኔጋቲቭ ወይስ ፖዚቲቭ?

ቀደም ሲል የቤት ፊልም በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ የሚታይ ስለነበር ፊልሙ ራሱ ፖዚቲቭ ሆኖ እንዲወጣ ይደረግ ነበር። ይህ ሪቨርሳል የሚባለው አጣጠብ ነው፦ መጀመሪያ ኔጋቲቩ ይወጣል፤ ከዚያ ያ ጥቁር ብር ብሊች በሚባል ፈሳሽ (የቤቱ በረኪና አይደለም) ተሟሙቶ ይጠፋል፤ የቀረው የብር ጨው ለብርሃን ተጋልጦ ዳግመኛ ይታጠብና ፖዚቲቩ ይሆናል። በቡና ለማጠብ ሁለቱም ጊዜ ይቻል ይሆናል፤ ብሊቹ ግን ከወጥ ቤት በቀላሉ አይገኝም። ለረጅም ዘመን ያገለገለው ፖታሲየም ዳይክሮሜት ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ነው፤ ዳይክሮሜት ካንሰር የሚያመጣ የክሮሚየም ዓይነት ስለሆነ ቤት ውስጥ ሊገባ አይገባውም። በምትኩ የሚሰጠው ፖታሲየም ፐርማንጋኔትም ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ነው የሚሠራው። ለስላሳው አማራጭ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ከሲትሪክ አሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ማድረግ ነው፤ ይህ ይሠራል፣ ግን ጄላቲኑን ያለሰልሰዋል፣ አንዳንዴም ልባሱን ከንጣፉ ላይ ይገሸልጠዋል፤ ጠንካራው ፐሮክሳይድም ቆዳ ያቃጥላል።

ለዚህ ሁሉ ድካም ዛሬ ምክንያት ያለው ፕሮጀክተር ያለው ሰው ብቻ ነው። ሌላው ፊልሙን በኔጋቲቭነቱ ቢያቆመው፣ ምስል በምስል በስካነር ቢያስነሣውና ቀለሙን በኮምፒዩተር ቢገለብጠው ብሊች የሚባለውን ደረጃ ከነአካቴው ያስቀረዋል። መርዝ ለመቀነስ ከሚደረጉ ምርጫዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ቡናን በሃይድሮኩዊኖን ቦታ ከመተካት ይበልጣል። ለሪቨርሳል ተብለው ከተሠሩ ፊልሞች ኮዳክ የሚሸጠው ትራይ-ኤክስ በኔጋቲቭነት ሊታጠብ ይችላል፤ የቼኩ ፎማፓን አር ግን በሥሩ ብሊች ብቻ የሚያወጣው የብር ልባስ ስላለው ኔጋቲቩ ጨለም ብሎ ይቀራል፤ ለስካነር ያስቸግራል።

ብሩን ማውጣት

የሠራ ፊክሰር የትም አይደፋም፤ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ይጠራቀማል። በአዲስ አበባ እንደሚታየው ብዙ ቤቶች ፍሳሻቸውን የሚለቁት ወደ ማጣሪያ በሚሄድ መስመር ሳይሆን ወደ ጉድጓድ በሆነበት ከተማ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ተሕዋስያን ብሩ ይጎዳልና። ዲጂታል ያልገባበት የኤክስሬይ ክፍል ወይም ፎቶ ላቦራቶሪ በአቅራቢያ ካለ የእነርሱም ፊክሰር ብር ስላለበት የማስወገጃ መንገድ ሊኖራቸው ስለሚችል መጠየቁ ጥሩ ነው።

በቤት የሚሠራው ዘዴ ብሩን በብረት መተካት ነው። ብረት ከብር ይልቅ ቶሎ የሚሟሟ ስለሆነ፣ ደቃቅ የብረት ክር በፊክሰሩ ውስጥ ሲቀመጥ ብረቱ ወደ ፈሳሹ ይገባል፣ ብሩ ደግሞ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። ለዕቃ ማጠቢያ የሚሸጠው የማይዝግ ሽቦ ለዚህ አይሆንም፤ የሚዝገው፣ አናጢዎች እንጨት ለማለስለስ የሚጠቀሙበት ዓይነት ያስፈልጋል። ከላይ የተጠቀሰው ተራ የሃይፖ ፊክሰር አሲድ ስለሌለበት ጥቂት ኮምጣጤ ቢጨመር ሥራው ይፋጠናል፤ ከበዛ ግን ሃይፖው ራሱ ይፈርስና የሚያፍን የድኝ ጋዝ ይወጣል፤ ስለዚህ በጠብታ፣ አየር በሚገባበት ቦታ ይሁን። በረኪና በዚህ ሥራ አካባቢ መኖር የለበትም፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይለቃል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠና በአሸዋ ወረቀት የተወለወለ የመዳብ ሽቦ ፈሳሹ ውስጥ ለደቂቃዎች ይነከራል። ግራጫ ወይም ነጣ ያለ ልባስ ከያዘ ብር ገና አለ ማለት ነውና አዲስ የብረት ክር ይጨመራል። ሽቦው መዳብ እንደ መሰለ ከወጣ ፈሳሹ በጨርቅ ተጣርቶ፣ ብዙ ውኃ ተጨምሮበት ወደ ፍሳሽ መስመር ሊለቀቅ ይችላል፤ ጨርቁ ላይ የቀረው ጥቁር ዝቃጭ ደግሞ ደርቆ በተጻፈበት ማሰሮ ይቀመጥና በቂ ሲሆን ብር ለሚያነጥር ባለሙያ ይሰጣል።